በአውሮፕላን ሠፈር እንግዳ ሲሆኑ፦ ከግብዣ እስከ ስንብት

በአሜሪካ አንዳንድ ሠፈሮች ውስጥ ከመኖሪያ ቤቱ ጎን የተሠራው ሰፊ በር ሲከፈት የሚወጣው መኪና ሳይሆን አውሮፕላን ነው። ባለቤቱ ሞተሩን አስነሥቶ በጎረቤቶቹ ደጃፍ በኩል በዝግታ እየነዳ ነዋሪዎቹ በጋራ ወደሚጠቀሙበት መንደርደሪያ ይደርሳል፤ ከዚያ ተነሥቶ ይበራል፤ ሲመለስም አውሮፕላኑን ከሳሎኑ ግድግዳ ማዶ ያሳድረዋል። ኤርፓርክ የሚባለው እንዲህ ያለው ሠፈር ነው። ሐሳቡ መልክ የያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1939 ወደ 34,000 ገደማ የነበረው የአገሪቱ አብራሪዎች ቁጥር በ1946 ከ400,000 በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው በ1946 ሲየራ ስካይ ፓርክ የተባለው የመጀመሪያው የአብራሪዎች መኖሪያ ሠፈር በካሊፎርኒያ፣ በፍሬዝኖ ከተማ ተመሠረተ። ዛሬ በአሜሪካ ብቻ ከ600 በላይ ኤርፓርኮች ይገኛሉ።

ለጎብኚ አስቸጋሪው ነገር ቦታው በአንድ ጊዜ የሰው ግቢም በሥራ ላይ ያለ አየር ማረፊያም መሆኑ ነው። አየር ማረፊያነቱን ብቻ የሚያይ ሰው ሳይጋበዝ ዘው ብሎ ይገባል፤ መኖሪያነቱን ብቻ የሚያይ ደግሞ እንደ ማንኛውም ጸጥ ያለ ሠፈር ቆጥሮ ልጆቹን በመንገዱ ላይ ይለቃል። ከሁለቱ ስሕተቶች የመጀመሪያው ቅሬታ፣ ሁለተኛው ደግሞ አደጋ ያስከትላል። የሚከተሉት ደረጃዎች የተቀመጡት ሁለቱንም በማሰብ ነው።

1. ቦታው የማን እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ

ኤርፓርኮች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በፍሎሪዳ ከዴይቶና ቢች አጠገብ ያለው ስፕሩስ ክሪክ በጦርነቱ ጊዜ የባሕር ኃይል ረዳት ማረፊያ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ወደ 1,300 የሚጠጉ ቤቶችና 700 ያህል ሃንጋሮች፣ ማለትም የአውሮፕላን ማደሪያ መጠለያዎች፣ ያሉት፣ በጥበቃ የሚገባበት የግል ሠፈር ነው፤ 4,000 ጫማ፣ ማለትም ወደ 1,220 ሜትር የሚረዝመው መንደርደሪያውም የግል ነው። ሲየራ ስካይ ፓርክ በበኩሉ የግል ይዞታ ቢሆንም መንደርደሪያው ለማንኛውም አብራሪ ክፍት ነው። በኦሬገን ያለው የኢንዲፔንደንስ አየር ማረፊያ ደግሞ የግዛቱ መንግሥት ንብረት ሆኖ፣ በጎኑ ያሉት ቤቶች ግን የግለሰቦች ናቸው።

ይህ ልዩነት የሚወስነው በየት በኩል እንደሚገቡና ማንን እንደሚጠይቁ ነው። መንደርደሪያው ለሕዝብ ክፍት በሆነበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃ፣ የመኪና ማቆሚያና ጎብኚ ሊቆምበት የሚችል ስፍራ ስለሚኖር ያለ ግብዣም ቢሆን ከአጥር ውጭ ሆኖ መመልከት ይቻላል። ይሁንና የመንደርደሪያው ለሕዝብ ክፍት መሆን የነዋሪዎቹን ደጃፍ ክፍት አያደርገውም፤ ወደ ቤቶቹ የሚወስደው መንገድ የግል ሊሆን ስለሚችል ምልክቱን አንብበው ይግቡ። ሁሉም ነገር የግል በሆነበት ሠፈር ግን ስምዎን አስቀድሞ ለጥበቃ የሚያስመዘግብ ነዋሪ ከሌለ ጉብኝቱ በሩ ላይ ያበቃል።

2. ጋባዥ ያግኙ

የሚያውቁት ነዋሪ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ከሌለ ደግሞ ጥሩው መንገድ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዊስኮንሲን፣ በኦሽኮሽ የሚገኘውና በ1953 የተቋቋመው የአማተር አውሮፕላን ሠሪዎችና አብራሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ኢኤኤ፣ በየአካባቢው ያሉት ቅርንጫፎች ናቸው። ቅርንጫፎቹ የቅዳሜ ማለዳ ቁርስና የክፍት በር ቀን ያዘጋጃሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የሚካሄዱት በኤርፓርክ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች ካሉዎት ማኅበሩ ከ1992 ጀምሮ ያንግ ኢግልስ በሚባለው መርሐ ግብሩ ነጻ የመጀመሪያ በረራ ስለሚሰጥ፣ ልጁን ይዞ መሄድ ለወላጅም ጥሩ መግቢያ ነው። በኢሊኖይ የፖፕላር ግሮቭ አየር ማረፊያን የመሰለ ቦታም አለ፤ እዚያ የመኖሪያ ሠፈሩ ጎረቤት የሆነ የጥንት አውሮፕላኖችና መኪኖች ሙዚየም ስላለ አውሮፕላን የማያበር ሰውም የሚሄድበት ምክንያት አያጣም።

ለጋባዥዎ ሲጽፉ ስንት ሰዎች እንደሆናችሁ፣ የልጆቹን ዕድሜ፣ የመኪናዎን ሰሌዳ ቁጥርና ምን ለማየት እንደሚፈልጉ ይግለጹ። «አውሮፕላን ማየት እንፈልጋለን» ከማለት ይልቅ «አንድ ሰው በገዛ ሃንጋሩ አውሮፕላን ሲሠራ ማየት እንፈልጋለን» ማለት ይሻላል፤ ጋባዡ ከጎረቤቶቹ ማንን እንደሚያናግር ወዲያው ያውቃልና። ግብዣው ለአራት ሰዎች ከሆነ አምስተኛ ሰው ይዘው አይሂዱ።

3. ማለዳን ይምረጡ

ነፋስ በአብዛኛው የሚረጋው ማለዳ ነው፤ ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ አየሩ ይነሣሣል፣ ትንሽ አውሮፕላንም መንገጫገጭ ይጀምራል። በተጨማሪም ሙቅ አየር ስስ ስለሆነ ክንፉም፣ ፕሮፔለሩም (አውሮፕላኑን የሚስበው ተሽከርካሪ ምላጭ)፣ ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ መንደርደሪያው አጭር በሆነበት ቦታ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ነዋሪዎቹ ሲነሡና ሲያርፉ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት መድረስ አለበት፤ በእኩለ ቀን የሚመጣ ግን የሚያየው የተዘጉ የሃንጋር በሮችን ሊሆን ይችላል። ጭጋግ ወይም ከባድ ነፋስ ካለ በረራው እንደሚቀር አስቀድመው ይቀበሉ፤ አብራሪ «ዛሬ አልበርም» ሲል የሚለመን ሰው አይደለም።

4. የሚለብሱትና የሚይዙት

ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ ያድርጉ፤ ባርኔጣ፣ ሻርፕና ማንኛውንም በነፋስ የሚበር ነገር መኪና ውስጥ ይተዉ። ድሮን ይዘው ከመጡ ከቦርሳው አያውጡት። ውሻ ካለዎት ደግሞ ቤትዎ ይቆይ።

5. በመኪና ሲገቡ

የኤርፓርክ መንገድ ከሌላው መንገድ የሚለየው በስፋቱ ነው። በካሊፎርኒያ በካሜሮን ፓርክ ያለው ሠፈር መንገዶቹ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል ስፋት አላቸው፤ እንደ ቦይንግ ያሉ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ስምም ተሰጥቷቸዋል። የመንገድ ምልክቶቹና የፖስታ ሣጥኖቹ ክንፍ በላያቸው እንዲያልፍ ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርገው ተተክለዋል። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ብዙዎች የሚያበሩት ሴስና 172 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11 ሜትር ያህል እንደሚሰፋ ማሰብ ይበቃል። ሴስናው ክንፉ ከላይ ስለሆነ ዝቅተኛውን ሣጥን ሳይነካ ያልፋል፤ ክንፉ ከሥር የሆነ አውሮፕላን ግን ያን ያህል ዕድል የለውም። መንገዱ ሰፊ ነው ብለው ዳር ይዘው መኪና ማቆም የማይገባዎትም በዚህ ምክንያት ነው። ጋባዥዎ ባሳየዎት ቦታ ብቻ ያቁሙ።

በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ቅድሚያ የአውሮፕላኑ ነው። ከፊት ለፊት አውሮፕላን ሲመጣ ካዩ ቅርብ ወደሆነው የቤት መግቢያ ገብተው ያሳልፉት፤ ትንሽ አውሮፕላን በሞተሩ ወደ ኋላ መሄድ አይችልምና መንገድ የሚለቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። አውሮፕላኑ እንደ እባብ ግራና ቀኝ እየተጣመመ የሚመጣ ከሆነ አብራሪው ጤና ያጣ አይምሰልዎ፤ ሦስተኛ ጎማቸው በጅራታቸው ሥር የሆነ አውሮፕላኖች መሬት ላይ ሲቆሙ አፍንጫቸው ሽቅብ ስለሚያይ፣ አብራሪው ፊት ለፊት ያለውን ማየት የሚችለው እየተጠማዘዘ ሲሄድ ብቻ ነው። ይህ ማለት በቀጥታ ከፊቱ ያለውን መኪናዎን ላያየው ይችላል ማለት ነው። ተጠግተውም ከኋላው አይከተሉ፤ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ነፋስ ጠጠር ያነሣና የመኪናዎን መስተዋት ይመታል።

6. በእግር ሲንቀሳቀሱ

ከጋባዥዎ ጋር እስካልሆኑ ድረስ መንደርደሪያውንም ሆነ ወደ መንደርደሪያው የሚወስደውን ታክሲዌይ አይርገጡ። ማቋረጥ የግድ ከሆነ ግራና ቀኝ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም፣ በመንደርደሪያው ሁለት ጫፎች አቅጣጫ ያለውን ሰማይ ይመልከቱ። በጆሮዎ አይተማመኑ፤ ለማረፍ የሚወርድ አውሮፕላን ሞተሩን ስለሚቀንስ ድምፁ የሚሰማው ዘግይቶ ነው። «ሬዲዮ ላይ ማንም የለም» የሚለውም በቂ ዋስትና አይደለም፤ የመቆጣጠሪያ ማማ በሌላቸው በርካታ ማረፊያዎች ሬዲዮ መያዝ ግዴታ ስላልሆነ በዝምታ የሚመጡ አሮጌ አውሮፕላኖች አሉ። የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚው ከረጢት የት እንደተሰቀለ ቀድመው ይዩ፤ አውሮፕላኖች ወደ ነፋሱ ዞረው ስለሚነሡና ስለሚያርፉ፣ ከረጢቱ ከየትኛው ጫፍ እንደሚመጡ ይነግርዎታል።

ልጆችን እጃቸውን ይያዙ። ይህን ያህል አጭር የሆነው ሌላ የሚጨመርበት ነገር ስለሌለ ነው።

7. ሃንጋሩ ውስጥ

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የፕሮፔለር ጉዳይ ነው። ቆሞ ያለ ፕሮፔለር የሚያስፈራ አይመስልም፤ ፎቶ ለመነሣት ብዙ ሰው እጁን የሚያሳርፈውም እሱ ላይ ነው። ሆኖም የአብዛኞቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሞተር ብልጭታውን የሚያገኘው ከባትሪ ሳይሆን፣ ማግኔቶ ከሚባልና ሞተሩ ራሱ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ መሣሪያ ነው። ቁልፉ ሲዘጋ ማግኔቶውን ዝም የሚያሰኘው አንዲት የመሬት ሽቦ ናት፤ ይህች ሽቦ ከተበጠሰች ወይም ከላላች ቁልፉ ተነቅሎ ኪስ ውስጥ ቢሆንም እንኳ ማግኔቶው ሕያው ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ነዳጅ ቀርቶ ከሆነ ፕሮፔለሩን በእጅ ገፋ ማድረግ ብቻ ሞተሩን ሊያስነሣው ይችላል። ስለዚህ አብራሪዎች ማንኛውንም ፕሮፔለር ሊዞር እንደተዘጋጀ ቆጥረው ያልፉታል፤ እርስዎም እጅዎን አያሳርፉበት፣ በሚዞርበት ክብ ውስጥም አይቁሙ። ለፎቶ ከክንፉ ጫፍ አጠገብ መቆም ይበቃል።

በአውሮፕላኑ አናት ወይም ጅራት ላይ ያለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ሞተሩ ሊነሣ ነው ማለት ነው። አብራሪው በመስኮት ጮኾ ከፕሮፔለሩ እንዲርቁ ያስጠነቅቃል፤ በዚያን ጊዜ የሚገባዎት «ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ሳይሆን ወደ ኋላ መራቅ ነው። ሞተሩ እየሠራ ወደ አውሮፕላን መቅረብ የለብዎትም፤ አብራሪው ከጠራዎት ግን በፊት በኩል ሳይሆን ከክንፉ ኋላ ዞረው ይቅረቡ። ሄሊኮፕተር ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ የኋላው ትንሽ ፕሮፔለር በዐይን ስለማይታይ ከኋላ ፈጽሞ አይኬድም፤ አብራሪው እያየዎት ከፊት በኩል ነው የሚቀርቡት።

ከዚህ በኋላ ያሉት ጥንቃቄዎች ንብረትን የሚመለከቱ ናቸው። በክንፉ ጠርዝ ላይ የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች አይግፉ፤ ከክንፉ ሥር ወይም ከአፍንጫው አካባቢ ወጥታ የምትታየውን ቀጭን ፒቶት ቱቦ አይንኩ፤ የፍጥነት መለኪያው አየር የሚደርሰው በእርሷ ነው። ክንፍ ላይ ጥቁር ሻካራ ንጣፍ ካለ የሚረገጠው እሱ ብቻ ነው። ክንፍ ጠረጴዛ አይደለምና የቡና ስኒም ሆነ ካሜራ አያስቀምጡበት። ክንፋቸው ከላይ የሆኑት አውሮፕላኖች የኋላ ጠርዛቸው በረጅም ሰው ግንባር ትክክል ስለሚውል፣ ወደ ላይ እያዩ ሲሄዱ ያቆስላል፤ ይህን ጠባሳ ያልቀመሰ የሴስና ባለቤት ብዙም አይገኝም። የሃንጋሩ በር በኤሌክትሪክ ወይም በዘይት ግፊት የሚታጠፍ ከባድ ነገር ስለሆነ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ከሥሩ አይለፉ። ነዳጅ ከነኩም እጅዎን ይታጠቡ፤ አብዛኞቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚጠቀሙት 100 ኤልኤል የሚባለው ቤንዚን እስከ አሁን እርሳስ አለበት።

ዕድለኛ ከሆኑ በሃንጋሩ ውስጥ ክንፉ ያልተገጠመ አውሮፕላን ያያሉ። በኤርፓርክ ባለቤቱ ራሱ የሚሠራው አውሮፕላን የተለመደ ነው፤ የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለውን አውሮፕላን በአማተር ሰው ሥራነት የሚመዘግበው የሥራውን ዋና ክፍል ሰውዬው ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ ራሱ ከሠራው ነው። በእኔ አስተያየት የጉብኝቱ ምርጥ ሰዓት ይህ ነው። «ስንት ፈጀ?» የሚለውን ጥያቄ ሁሉም ስለሚጠይቀው «ደግመው ቢጀምሩት የትኛውን ክፍል በሌላ መንገድ ይሠሩት ነበር?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱ ረጅም ስለሚሆን ወንበር ይፈልጉ።

8. ጋባዥዎ «እንብረር» ካለዎት

ክብደትዎን ቢጠይቅዎ አይቀየሙ፤ ልብስዎንና ቦርሳዎን ጨምረው እውነተኛውን ቁጥር ይንገሩት፤ የአውሮፕላኑን ጭነትና ሚዛን የሚያሰላው በእሱ ነው። ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰርና እንደሚፈታ እንዲያሳይዎ ሕግ ያስገድደዋል፤ እርስዎም በሩ እንዴት እንደሚከፈት አብረው ይጠይቁ። በመነሣትና በማረፍ ላይ ሳለ ሌላ አውሮፕላን ለማሳየት ካልሆነ በቀር አያናግሩት።

የገንዘቡ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የግል አብራሪ ፈቃድ ያለው ሰው ተሳፋሪ በክፍያ ማጓጓዝ አይፈቀድለትም፤ የጋራ በሆነ ጉዞ የነዳጅን፣ የዘይትን፣ የማረፊያንና የኪራይን ወጪ መካፈል ቢፈቀድለትም ከራሱ ድርሻ በታች መክፈል አይችልም። አራት ሆናችሁ ከበረራችሁ ቢያንስ ሩቡ የእሱ ነው። ስለዚህ «ለድካምህ» ብሎ ገንዘብ መስጠት ቸርነት ቢመስልም ፈቃዱን አደጋ ላይ ይጥልበታል። መጠጥም እንዲሁ ነው፤ አልኮል ከጠጣ በ8 ሰዓት ውስጥ ማብረር በሕግ ስለተከለከለ፣ ከሰዓት በኋላ ለመብረር ያሰበን ሰው በምሳ ሰዓት «አንድ ብቻ» እያሉ አያስጨንቁት።

9. በራስዎ አውሮፕላን የሚመጡ ከሆነ

በበረራ ካርታው ላይ በክብ ውስጥ «አር» ፊደል ያለበት ማረፊያ የግል ስለሆነ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይታረፍበትም፤ ፈቃዱን በጽሑፍ መያዝ ይመረጣል። ከፈቃዱ ጋር የመንደርደሪያውን ርዝመትና ስፋት፣ አስፋልት ወይም ሣር መሆኑን፣ ጫፉ ላይ ዛፍ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ መኖር አለመኖሩን፣ ነዋሪዎቹ ለጩኸት ሲሉ የሚሸሹትን አቅጣጫ፣ እንዲሁም ወደ ጋባዡ ቤት የሚወስደው ታክሲዌይ ለክንፍዎ መብቃቱን ይጠይቁ። መድንዎ በግል ማረፊያ ላይ ስለማረፍ ምን እንደሚልም ያንብቡ። ከ10 ማይል ርቀት ጀምሮ በጋራው ሬዲዮ ሞገድ ያዳምጡ፤ ያሉበትንም ያስታውቁ። ካረፉ በኋላ በቤቶች መካከል ሲነዱ የሞተሩን ጉልበት ከሚያስፈልገው በላይ አይጨምሩ፤ ከኋላዎ የሰው በረንዳ አለ።

10. ለመኖር ካሰቡ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉብኝቱ የቤት ግዢ መጀመሪያ ከሆነ ከቤቱ ውበት በፊት የመንደርደሪያውን ጉዳይ ያጣሩ። የመንደርደሪያው ባለቤት የነዋሪዎች ማኅበር ነው ወይስ አንድ ግለሰብ ወይም ድርጅት? በግለሰብ እጅ ከሆነ ወራሹ ነገ ለሌላ ሥራ ሊሸጠው ይችላል ወይ? በታክሲዌዩ የመጠቀም መብት በቤቱ የባለቤትነት ሰነድ ላይ ተጽፏል ወይስ በቃል ብቻ የቆመ ነው? አስፋልቱን ዳግም ለማንጠፍ ማኅበሩ ያጠራቀመው ገንዘብ አለ? በሌሊት መብረር፣ ጄት ማምጣት፣ ሃንጋሩን ለሌላ ማከራየት ይፈቀዳል? ቤቶቹ በመንግሥት ገንዘብ ከሚደገፍ አየር ማረፊያ ጎን ከሆኑ ደግሞ ከግቢ ወደ አየር ማረፊያው በቀጥታ የመግባቱ ፈቃድ በውል የታሰረ ነው፤ በ2012 የወጣ ሕግ ይህን በአጠቃላይ አቪየሽን ማረፊያዎች፣ ማለትም በዋናነት የግል አውሮፕላኖች በሚጠቀሙባቸው ማረፊያዎች ላይ የሚፈቅደው ነዋሪዎቹ በውሉ የተቀመጡትን ግዴታዎች ሲያሟሉ ነውና ውሉን አይተው የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ።

11. ሲሰናበቱ

ያነሡዋቸውን ፎቶዎች ለሌሎች ከማጋራትዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ። በአሜሪካ አውሮፕላን ጎን ላይ በ«ኤን» ፊደል የሚጀምረው ቁጥር የመዝገብ ቁጥር ነው፤ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነም በአብዛኛው ቁጥሩን የሚያስገባ ሰው የባለቤቱን ስም ያገኛል። ፎቶው ላይ ቤቱም አብሮ ካለ ማን የት እንደሚኖር ለዓለም ነግረዋል ማለት ነው። የቆሙበትን ስፍራ ዞር ብለው ይዩ፤ የወደቀ ጠርሙስ ክዳን፣ ብሎን ወይም ላስቲክ ካለ ያንሡ፤ አስፋልት ላይ የቀረች ትንሽ ብረት የፕሮፔለርን ጠርዝ ትሸርፋለች። የመግቢያ ካርድ ከተሰጠዎት በሩ ላይ ይመልሱ፤ ሲወጡም እንደገቡት ሁሉ በዝግታ ይንዱ፤ ምናልባት አንዱ ጎረቤት ከበረራ ተመልሶ ወደ ቤቱ እየመጣ ይሆናል።